ጥያቄና መልስ፦ ግሩፐር አፍ ገብታ የምትወጣው ትንሿ አሳ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ አምስቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ሌሎች አሳዎችን ስለሚያጸዱ አሳዎች። ከተለያየ አገር ነው የመጡት ግን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ነው የሚመስሉት፣ ስለዚ ከመበታተን አንድ ላይ ላድርጋቸው ብዬ የዘንድሮውን ሰፊ ቦታ ለነሱ ሰጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፣ ከኢላት እስራኤል፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እኔ እዚህ ኢላት ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው፣ እረፍት ሳገኝ ልጆቼን ይዤ ኮራሉ ያለበት ባህር ዳርቻ እወርዳለሁ። ባለፈው መነጽርና ቱቦ አድርገን እያየን አንድ ክንድ የሚያክል ግሩፐር የሚባል አዳኝ አሳ አፉን በሰፊው ከፍቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጣት የምታክል ሰማያዊ አሳ ጎኗ ላይ ጥቁር መስመር ያላት ሰተት ብላ አፉ ውስጥ ገባች። ልጄ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጮኸ፣ በቃ ተበላች ብለን ስንጠብቅ በጉንጩ በኩል በስንጥቡ ወጣች! እንዴት አልበላትም? ከዛ ወዲህ ልጁ ሌላ ጥያቄ የለውም።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለልጅሽ ንገሪልኝ፣ ያቺ አሳ ስራ ላይ ነበረች። ስሟ ላብሮይድስ ዲሚዲያተስ ነው፣ ዳይቨሮች (ባህር ጠላቂ ዋናተኞች) ክሊነር ነው የሚሏት፣ እኔ ደሞ እዚህ አጽጂ ልበላት። ብታድግ ብታድግ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ነች። ስራዋ የሌላውን አሳ ቆዳ፣ ክንፍ፣ አፍና ስንጥብ እያሰሰች ደም መጣጭ ተባይ መልቀም ነው። ዋናው ምግቧ ግናቲድ የሚባል ትንሽዬ ተባይ ነው፣ ያው የባህር መዥገር በይው፣ ከሪፉ (ከውሃ ስር ካለው የኮራል ድንጋይ) ስር ይወጣና አሳው ላይ ተጣብቆ ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ተመልሶ ወርዶ ይደበቃል። አሳ እጅ የለውም፣ ማከክ አይችልም፣ ድንጋይ ላይ ቢተሻሽ የተወሰነውን ነው የሚያስለቅቀው፣ ስንጥቡ ውስጥ የገባውን ደሞ በጭራሽ አይደርስበትም። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ሊዛርድ ደሴት ላይ አሌክሳንድራ ግሩተር የምትባል ተመራማሪ ቁጭ ብላ ቆጥራ በ1996 ያወጣችው ቁጥር አለ፣ አንዷ አጽጂ በቀን 1200 ገደማ ተባይ ትበላለች፣ የምትመረምረው ደንበኛ ደሞ በቀን ከ2000 ይበልጣል (አንዱ አሳ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ነው)። ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ነበር፣ አይደለም።

ለምን አልበላትም ላልሽው፣ እንግዲህ ግሩፐሩ አንድ ጉርሻ የማትሞላ አሳ ከሚበላ በየቀኑ ተባዩን የምታራግፍለት ብትኖር ይሻለዋል። ግን ይሄን ቁጭ ብሎ አስቦበት አይደለም፣ በመሃላቸው ምልክት አለ። አንደኛው መልኳ ነው፣ ሰማያዊ ከጥቁር ሰረዝ ጋር፤ በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሰማያዊና ቢጫ ቀለም በአለም ዙሪያ አጽጂ የሆኑ አሳዎች ላይ ከሌሎቹ በበለጠ ይገኛል፣ ሪፉ ከጀርባ ሆኖ ከሩቅ ተለይቶ የሚታይ ነው። ሁለተኛው ጭፈራዋ ነው፣ ጭራዋን ወደላይ እያነሳች ከፍ ዝቅ እያለች ትዋኛለች፣ ደግማችሁ ስትሄዱ ልብ ብላችሁ እዩዋት። ደንበኛውም የራሱ አቋቋም አለው፣ አንዳንዱ በጭንቅላቱ ይዘቀዘቃል፣ አንዳንዱ ጭራውን ወደታች ያደርጋል፣ አፉን ከፍቶ ስንጥቡን ገልጦ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ቀለሙን ይቀይራል። ሊሄድ ሲፈልግ ሰውነቱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ እሷም ወዲያው ትወጣለች። የምወደውን ደሞ ልንገርሽ፣ በሆዷ በኩል ባሉት ክንፎቿ የደንበኛውን ጀርባ ታሻሸዋለች፣ ማሳጅ ነው በቃ፣ እና በ2011 የወጣ ጥናት ላይ ይሄ መነካካት ብቻውን፣ ተባይ ሳይለቀም እንኳ፣ በአሳው ሰውነት ውስጥ ያለውን የጭንቀት ሆርሞን እንደሚቀንስ ታይቷል። ማሳጁን በብዛት የምትሰጠው ለማን ይመስልሻል? ሊበሏት ለሚችሉት፣ በተለይ ለተራቡት!

ሴት አድርገሽ መጻፍሽም ልክ ነው። በአንድ ሰፈር አንድ ወንድና ብዙ ሴቶች ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ሲወለዱ ሁሉም ሴት ናቸው። ወንዱ ሲሞት ከሴቶቹ ትልቋ በሰአታት ውስጥ እንደ ወንድ መሆን ትጀምራለች፣ ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆናት ሙሉ ወንድ ሆና ልጅ ታስወልዳለች፣ ይሄ በ1972 አውስትራሊያ ሄሮን ደሴት ላይ ተጠንቶ የታወቀ ነው።

እናንተ ባህር ውስጥ ሌላም አለ፣ ልጅሽ ፈልጎ ያግኘው። ጠቆር ያለ ሰውነት ላይ ሰማያዊ መስመሮች ያሉት ላራቢከስ የሚባል አሳ አለ፣ መኖሪያው ቀይ ባህርና የኤደን ባህረ ሰላጤ ብቻ ነው፣ ሌላ የትም አለም የለም። ልጅ እያለ አጽጂ ነው፣ ሲያድግ ስራውን ትቶ ኮራሉን ራሱን እየለቀመ መብላት ይጀምራል።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር አካባቢ፦ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ገጠር ነው ያደግኩት፣ ከብት ስንጠብቅ በሬው ጀርባ ላይ ወጥታ መዥገር የምትለቅም አፏ ቀይ የሆነ ወፍ ነበረች፣ ግን እኮ ቁስሉንም እየጎረጎረች ደም ስትጠጣ በአይኔ አይቻለሁ፣ አባቴ ስለዚ ያባርራት ነበር። አሳዎቹ ዘንድም እንዲህ አይነት ማጭበርበር አለ ወይ? ለተማሪዎቼ ሁሉም ተጠቃሚ ነው ብዬ ሳስተምር ውስጤ አይቀበለውም።

መልስ፦ መምህር፣ ያልተቀበሉት በምክንያት ነው፣ የአይን እማኝ ነዎት። ወፏም እውነት ቁስል ትጎረጉራለች፣ አሳዋም ታጭበረብራለች፣ እንዲያውም ለክፍልዎ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የአሳ ቆዳ ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር፣ ስንይዘው እጃችንን የሚያሙለጨልጨው፣ ለአጽጂዋ ከተባዩ የበለጠ ይጥማታል። ግሩተርና ሬድዋን ብሻሪ የሚባለው ተመራማሪ ምርጫ ሰጥተዋት አይተውታል። ስለዚ እሷ ሁሌም ሁለት ልብ ነች፣ ተባዩን ልልቀምና ደንበኛዬን ላስደስት ወይስ አንዴ ጎረስ ላድርግለት። ስትነክሰው ደንበኛው ድንግጥ ይላል፣ ሰውነቱ ሲነጠር ከሩቅ ይታያል፣ ተመራማሪዎቹም ማጭበርበሩን የሚቆጥሩት በዚች ድንጋጤ ነው።

ብሻሪ ብዙውን ስራውን የሰራው ቀይ ባህር ላይ ነው፣ ግብጽ ራስ ሙሐመድ። እዛ ያገኘውን እኔ ሁልጊዜ በሰፈር ጸጉር ቤት ነው የማስበው። ሁለት አይነት ደንበኛ አለ። አንዱ ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ የሚያውቀው ጸጉር ቤት አንድ ብቻ ነው፣ ወደደም ጠላም እዛው ነው። ሌላው ብዙ የሚዞር ነው፣ ቢያስቀይሙት ነገ ሌላ ጋ ይሄዳል። አጽጂዋ ሁለቱ እኩል ቢመጡ ማንን ታስቀድማለች? የሚዞረውን! ብታስጠብቀው ጥሏት እንደሚሄድ ታውቃለች፣ የሰፈሩ ግን የትም አይሄድም። የሰፈሩ ደንበኛ ያለው መሳሪያ አንድ ነው፣ ስትነክሰው ዞሮ ያባርራታል፣ ተባራ ስትመለስ ለተወሰነ ጊዜ ጨዋ ትሆናለች። ሊበላት የሚችለውን አዳኝ አሳ ደሞ አትሞክረውም ማለት ይቻላል።

ከዚህም ያልፋል። በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ ሁለቱ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው ተራ የሚጠብቅ አሳ ቆሞ ያያል፣ አጽጂዋ ያሁኑን ደንበኛ በስነ ስርአት ስታስተናግድ ካየ ወደሷ ይቀርባል፣ ስታስደነግጠው ካየ ያመነታል፣ እሷም የሚያያት እንዳለ ስታውቅ ጥርሷን ትሰበስባለች። ወንድና ሴት አብረው ሲሰሩ ደሞ ሴቷ ብታጭበረብርና ደንበኛው ቢሄድ ወንዱ ያባርራታል፣ ይቀጣታል ማለት ነው፣ ይሄ በ2010 ሳይንስ የሚባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። የሚቀጣት ለደንበኛው አዝኖ አይደለም መምህር፣ የሱም ምሳ አብሮ ስለሄደ ነው። ተማሪዎችዎ ይሄን ቢወያዩበት አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃቸውም።

ጭራሽ ሌባም አለ። አስፒዶንተስ የሚባል አሳ መልኩ፣ ሰረዙ፣ አዋዋኙ ሳይቀር አጽጂዋን ይመስላል፣ ለይቶ ለማወቅ አፉን ማየት ነው፣ የሷ አፍ ከፊት ጫፍ ላይ ነው፣ የሱ ከስር ነው ያለው። በዚህ መልኩ ተጠግቶ አንዳንዴ ካልጠረጠረ አሳ ክንፍ ላይ ቆርጦ ይሮጣል፣ የሚበዛው ምግቡ ግን የባህር ትል ጸጉር መሰል እጆችና የአሳ እንቁላል ነው። እሷ የሌለችበት ባህር ላይ እሱም አይኖርም፣ ምን ይሰራል? የሚመስላት ሳትኖር።

እና ሁሉም ተጠቃሚ ነው የሚለው ውሸት አይደለም ግን ጎደሎ ነው። ጥቅሙ አለ፣ የሚቆየው ግን ደንበኛው ስለሚያይ፣ ስለሚያስታውስ፣ ስለሚያባርር፣ ስለሚሄድ ነው። እንደዛ ብለው ያስተምሩ። ደሞ የኦሳካ ተመራማሪዎች በ2019 ይቺን አሳ መስታወት ፊት አስቀምጠው ጉሮሮዋ ላይ ተባይ የሚመስል ነጥብ ቀብተውላት ነበር፣ ከ4 አሳዎች 3ቱ መስታወቱን አይተው ሄደው ጉሮሯቸውን መሬት ላይ ፈተጉ፣ ነጥቡ ያለው ራሳቸው ላይ መሆኑ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ሳይንቲስቶች በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል፣ እኔ ግን በቀን ሺህ ጊዜ የሰው ሰውነት ላይ ነጥብ ስትፈልግ የምትውል አሳ የራሷን ነጥብ ብትለይ አይገርመኝም።

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ አሜሪካ፦ ሃይ፣ ቤቴ ውስጥ 75 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ አሳዎቼ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ወጣባቸውና ሱቅ ስሄድ ይቺን ክሊነር ግዛ አሉኝ፣ ልግዛት? ሌላው ደሞ ባለፈው አመት ሜክሲኮ ኮዙሜል ዳይቭ አድርጌ ነበር፣ ሶስት ቀን ሙሉ ይቺን አሳ አንድም አላየሁም፣ አስጎብኚያችን ክሊነር ብሎ ያሳየን አንዲት ኮራል ላይ የተቀመጠች ሚጢጢ አሳ ነው፣ ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስጎብኚው አልተሳሳተም፣ ባህሩ ነው የተለየው። ከሁለተኛው ልጀምርና ወደ ግዢው እመጣለሁ፣ የግዢው መልስ ከሱ ነው የሚወጣው።

ላብሮይድስ የሚባለው ወገን 5 ዝርያ ብቻ ነው ያለው፣ አምስቱም በህንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ ናቸው። ኢላት ያየናት ዲሚዲያተስ ሰፊውን ይዛለች፣ ከቀይ ባህርና ከምስራቅ አፍሪካ ጀምራ እስከ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ድረስ። ባለ ሁለት ቀለሙ ባይከለር ደሞ አንድ ቦታ ሱቅ ከፍቶ ከመጠበቅ ይልቅ ትልቅ ሰፈር እየዞረ የሚሰራ ነው፣ እንደ ሱቅ በደረቴ፣ እና እንደጠረጠርከው ቋሚ ደንበኛ በሌለበት ሰፈር ሲሆን የበለጠ ይነክሳል። ሃዋይ የራሷ አላት፣ ጭንቅላቷ ቢጫ ሆኖ ጭራዋ ወደ ሃምራዊ የሚሄድ፣ ከሃዋይ ውጪ የማትገኝ፣ ስሟም በግሪክኛ ቅማል በል ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ አንዷ በምዕራብ ፓሲፊክ ሌላዋ በፖሊኔዥያ አካባቢ ናቸው።

አትላንቲክ ላይ ግን አንድም ላብሮይድስ የለም። ፓናማ ላይ መሬቱ ከ3 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት ገጥሞ ሁለቱን ባህር ለያይቷል፣ በደቡብ አፍሪካ ምዕራብ በኩል ለመዞር ደሞ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ለሪፍ አሳ አይሆንም። ታዲያ የካሪቢያን አሳ ተባይ የለውም? አለው እንጂ፣ ያውም ያው ግናቲድ። ስራው አለ ሰራተኛው የለም፣ እና ሌላ ወገን ገባበት። ኤላካቲነስ የሚባሉት ጎቢዎች፣ አንተ ያየሃት፣ ከ5 ሴንቲሜትር የማይበልጡ፣ ጎናቸው ላይ እንደ ኒዮን መብራት የሚያበራ ሰማያዊ ወይ ቢጫ መስመር ያላቸው። ቀለሙን እየው፣ ዘመድ አይደሉም፣ ባህራቸው አይገናኝም፣ ግን ያው ሰረዝ ያው ቀለም። ጎቢዋ እየጨፈረች አትዞርም፣ ኮራል ወይ ስፖንጅ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ አንዳንዴ ብዙ ሆነው። መምህሩ ላነሱት ጥያቄ ደሞ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር አለ፣ ጎቢዎቹ ሲፈተኑ ከዝልግልጉ ይልቅ ተባዩን ነው የመረጡት፣ ከነዛኞቹ የታመኑ ናቸው ማለት ነው።

ወደ ብራዚል ስትወርድ የራሷ ጎቢ አላት፣ ኤላካቲነስ ፊጋሮ፣ ቢጫ ሰረዝ ያላት፣ ለአኳሪየም ብዙ ስለተያዘች አገሪቱ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብታታለች። ጥቁር ላይ ቢጫ ቀለበት ያለው የፍሬንች ኤንጀልፊሽ ጨቅላም እዛ ያጸዳል፣ ሲያድግ ይተዋል። ከፓናማ ማዶ ምስራቅ ፓሲፊክ ላይ፣ ጋላፓጎስና ኮኮስ ደሴት በኩል፣ ባርበርፊሽ የሚሉት ቢጫ ቢራቢሮ አሳ በመንጋ ሆኖ መዶሻ ራስ ሻርክ ሲያጸዳ ዳይቨሮች በየጊዜው ያያሉ። ፊሊፒንስ ማላፓስኳ ደሴት ላይ ደሞ ጭራው ረጅሙ ትሬሸር ሻርክ ከጥልቁ ወደ ሪፉ ብቅ ሲል ተቀብላ የምታጸዳው ያቺው ዲሚዲያተስ ነች፣ ሰው ከአለም ዙሪያ ሄዶ የሚያየው ሻርኩን ነው፣ ሻርኩ ግን የሚመጣው ለሷ ነው።

በ2017 አንድ ቡድን ሁሉንም ሰብስቦ ሲቆጥር አጽጂ የተባሉ አሳዎች 208 ዝርያ፣ ከ36 ቤተሰብ፣ አጽጂ ሽሪምፕ ደሞ 51 ዝርያ ሆነዋል። አብዛኞቹ እንደ ኢላቱ ላራቢከስ ልጅ እያሉ ወይ አልፎ አልፎ ነው የሚሰሩት፣ ሙሉ ኑሮዋቸውን በዚህ ላይ የመሰረቱት ጥቂት ናቸው፣ ከነሱ ዋነኞቹ ላብሮይድሶቹና ጎቢዎቹ። ትልቅ አፍና ብዙ ክብደት ያለው አሳ ሚጢጢ ተባይ ለቅሞ አይጠግብም፣ ለዛ ነው ልጅነት ላይ የሚበዛው።

እንግዲህ ልግዛት ላልከኝ፣ እባክህ አትግዛት። በቀን ሺህ ተባይ ከብዙ መቶ ደንበኛ የምትለቅም አሳ አምስት ስድስት አሳ ካለበት ሳጥን ውስጥ ምን ትበላለች? ብዙዎቹ ሌላ ምግብ መልመድ አቅቷቸው እየከሱ ይሞታሉ፣ የተረፈችውም ቢርባት ያሉህን አሳዎች ዝልግልጋቸውን እየነከሰች እረፍት ትነሳቸዋለች። ደሞ የምትሸጥልህ ከባህር ተይዛ ነው፣ የነበረችበት ሪፍ ላይ ስንት ደንበኛ እንደቀረባት አስበው። ከዛም በላይ ነጩ ነጥብ ክሪፕቶካርዮን የሚባለው በሽታ ከሆነ ቆዳው ውስጥ የተቀበረ ረቂቅ ነገር ነው፣ እሷ አታወጣውም፣ አሳዎቹን ለይቶ በሌላ ሳጥን ማከም ነው መድሃኒቱ። አጽጂ ማየት ካማረህ ኒዮን ጎቢ ጠይቅ፣ እርባታ ላይ የተፈለፈለች አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ ትገኛለች፣ የተዘጋጀ ምግብ ትበላለች፣ የማንም ሪፍ አልተዘረፈም።

ጥያቄ፣ ከበርገን ኖርዌይ፦ የሳልመን እርባታ ላይ ነው የምሰራው። ሳልመኑን የሚይዘውን ቅማል እንዲበሉ ሬንሰፊስክ (አጽጂ አሳ) እናስገባለን፣ ግን በጣም ብዙ ሲሞቱ ነው የማየው፣ ጠዋት ጠዋት የሞተ ማውጣት የኔ ስራ ስለሆነ እየከበደኝ መጥቷል። እነዚም እንደ ሪፉ አይነት ናቸው?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ስራህን በልብህ እንደምትሰራው ከጽሁፍህ ይታያል።

የላብሮይድስ ዘመዶች ናቸው፣ የተወሰኑት። እዛ የምትጠቀሙባቸው ቤርግኒብና ግሮንጊልት የምትሏቸው ያው ቤተሰብ ውስጥ ያሉ የቀዝቃዛ ውሃ አሳዎች ናቸው፣ በተፈጥሮ አልፎ አልፎ ሌላ አሳ ሲያጸዱ ይታያሉ፣ ኑሯቸው ግን እሱ አይደለም፣ ድንጋይና የባህር ሳር መሃል የሚያድሩ፣ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚበሉ ናቸው። ኖርዌይ ውስጥ ለቅማል መሞከር የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ክብ ሆዱ ያለው ሮግንሼክስ ደሞ ጭራሽ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ የተመረጠው በክረምት ውሃው ሲቀዘቅዝ እነዛኞቹ ሲፈዙ እሱ መብላት ስለማያቆም ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ሪፉ ላይ ደንበኛው በፈቃዱ ይመጣል፣ አጽጂዋ ቤት አላት፣ መደበቂያ አላት፣ ስትደክም ትገባለች። የናንተ ግን በአስር ሚሊዮን የሚቆጠሩ በየአመቱ መረብ ውስጥ ይገባሉ፣ ማዕበል አለ፣ ሳልመኑ ሲታከም ሲጓጓዝ አብረው ይንገላታሉ፣ ቁስል ይይዛቸዋል። ሞቱ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አገሩ ውስጥም ባለስልጣናቱ ራሳቸው በጣም ብዙ ነው ብለው ያነሱት ጉዳይ ነው።

አንተ ልታደርግ የምትችለው አለ። መደበቂያው፣ ያ የሚንጠለጠለው የላስቲክ የባህር ሳር፣ ንጹህ ሆኖ በቂ ሆኖ ቦታው ላይ ካለ፣ ለነሱ የሚሆን ምግብ ለብቻው ከተሰጣቸው ልዩነት ያመጣል፣ ቅማል ሲያልቅ የሚበሉት የላቸውም እኮ። የሞቱትን በየዝርያው ቁጠርና ለአለቃህ በጽሁፍ ስጥ፣ ካልተቆጠረ ማንም አያስበውም። ማምለጫ ቀዳዳም ስታይ ዝም አትበል፣ ከደቡብ የመጡት ግሮንጊልቶች አምልጠው ከአካባቢው ጋር እንደተዳቀሉ በ2018 በዘረመል ታይቷል።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ እኔ የቀድሞ ባህር ኃይል ባልደረባ ነበርኩ፣ ወጣትነቴን ምጽዋ ነው ያሳለፍኩት። ዳህላክ ደሴቶች ጋ ስንቆም ውሃው ጥርት ሲል ከጀልባው ጎን ጎንበስ ብዬ አሳ ማየት ልማዴ ነበር። ትልልቆቹ አንድ ድንጋይ ዙሪያ ተራ እንደያዘ ሰው ቆመው አይቼ ምን እንደሚጠብቁ ሳይገባኝ እስካሁን አለሁ። ምናልባት ይሄ ይሆን? ደግሞስ እነዚህ ትንንሾች ከዛ ድንጋይ ቢጠፉ ምን ይመጣል?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ደብዳቤ ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት። ያዩት ያ ነው ብዬ ነው የማምነው። አጽጂዋ ቀይ ባህርን ከላይ እስከ ታች ትኖርበታለች፣ የምትሰራበትም ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ጎልቶ የወጣ ድንጋይ ወይ የኮራል ጉብታ፣ ደንበኛውም ስለሚያውቀው እዛው ይመጣል። ተራ መጠበቃቸውም እውነት ነው፣ አንዱ እየተጸዳ ሌሎቹ ጠጋ ብለው ይቆማሉ፣ አዳኙና ታዳኙ ጎን ለጎን ሳይነካካ። እኔ ራሴ ግብጽ ሁርጋዳ ላይ እንዲህ ቆመው ሳይ ውሃ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ያዝኩ፣ እርስዎ ግን ከጀልባ ላይ ሆነው ከዛ ሁሉ አመት በፊት አስተዋሉት።

ቢጠፉ ምን ይመጣል ላሉት፣ ሰዎች ይሄን በትክክል ሞክረውታል። ሊዛርድ ደሴት ላይ ከተወሰኑ ትንንሽ ሪፎች አጽጂዎቹን እያወጡ፣ አዲስ ሲመጣ እሱንም እያነሱ፣ ስምንት አመት ተኩል ቆዩ፤ ሌሎቹን ሪፎች እንዳሉ ተዉአቸው። በ2011 ሲያወጡት አጽጂ የሌለበት ሪፍ ላይ የሚኖሩት አሳዎች ቁጥር በ37 ከመቶ፣ የዝርያቸው ብዛት ደሞ በ23 ከመቶ አንሶ ተገኘ። የሄደችው እኮ ጣት የምታክል አንዲት አሳ ነች! ብሻሪም በእኛው ባህር ራስ ሙሐመድ ላይ የተመለከተው ከዚህ ይገጥማል፣ አጽጂ የጠፋበት ድንጋይ ላይ የአሳው አይነት የቀነሰው ቀስ ብሎ ነው፣ ከ4 እስከ 20 ወር ድረስ ፈጅቶ፣ አዲስ አጽጂ የመጣበት ድንጋይ ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ አሳው ይበዛል። ሃዋይ ላይ በ1970ዎቹ ተመሳሳይ ነገር ሲሞከር ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም ነበር፣ ስለዚ ሁሉም ቦታ እኩል ነው ማለት አይቻልም፣ ሙከራው አጭርም ነበር።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሊዛርድ ደሴት ላይ ሁለት አውሎ ነፋስ ተከታትሎ መጣ፣ በ2016 ደሞ ባህሩ ሞቆ ኮራሉ ነጣ፣ ከዛ በኋላ ሲቆጠር አጽጂዎቹ በ80 ከመቶ ቀንሰው ነበር። የተረፉትም ላይ ያ ለመምህሩ የነገርኩት ብልሃት፣ የሚዞረውን ደንበኛ ማስቀደም፣ የሚያይ ሲኖር ጥርስ መሰብሰብ፣ በፈተናው አልታየም። ተራ የሚጠብቅ በሌለበት ተራ ማወቅ ለምን ይጠቅማታል።

አባቴ፣ ምጽዋ የሚሄድ ዘመድ ወይ ወዳጅ ካለዎት ያ ድንጋይ የቱ ጋ እንደነበር ይንገሩት። ጠዋት ቢሄድ ይሻላል፣ ከሌሊቱ ተባይ በኋላ ደንበኛው ያኔ ይበዛል። ከላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይጠብቅ፣ አፉን ከፍቶ የቆመ ትልቅ አሳ ካየ ጉንጩ ላይ ሰማያዊ ነገር ይፈልግ፣ ያየውንም ይጻፍልን፣ እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።